በባንክና በአማካሪ ድርጅት በኩል ላላለፉ፦ ስለ ታላላቆቹ የንግድ ትምህርት ቤቶች ማመልከቻ

(አራት ኪሎ አካባቢ ለተሰበሰቡ ወጣት ባለሙያዎች የቀረበ ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ጥቂት ቦታ ላይ ተስተካክሏል። ካልተገለጸ በስተቀር ዓመቶቹ በጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን አመሻችሁ። ከሥራ ወጥታችሁ፣ በዚህ የታክሲ ሰልፍ ሰዓት፣ ከሜክሲኮም ከመገናኛም እዚህ ድረስ መምጣታችሁን አከብራለሁ። ጊዜያችሁን ሳላባክን ወደ ጉዳዩ ልግባ።

አዘጋጆቹ ስትመዘገቡ የሞላችሁትን ቅጽ አሳይተውኛል። ነርስ አለ፣ የፊዚክስ መምህር አለ፣ የመንገድ መሐንዲስ አለ። የግብርና ባለሙያ፣ የሬዲዮ ጋዜጠኛ፣ መርካቶ የቤተሰብ ሱቅ የሚሠራ ልጅ፣ ከመከላከያ በክብር የተሰናበተ መኮንን አለ። «ምን ማወቅ ትፈልጋላችሁ?» በሚለው ሥር ግን አብዛኞቻችሁ የጻፋችሁት አንድ ነው፦ እንደ እኔ ያለውን ሰው ይቀበላሉ ወይ? እኔም ከመምህርነት ተነስቼ በዚህ በር ያለፍኩ ነኝ። ከዚያም ወዲህ ከናንተ ጋር የሚመሳሰሉ ብዙ አመልካቾችን ጽሑፍ አንብቤያለሁ። መልሴ አዎን ነው። ለምን አዎን እንደሆነ ግን በደንብ መረዳት አለባችሁ፤ ምክንያቱን ያልተረዳ ሰው ማመልከቻውን አበላሽቶ ይጽፋል።

ምክንያቱ ከማስተማሪያ ዘዴያቸው ይጀምራል። ቦስተን ያለው ሃርቫርድ ቢዝነስ ስኩል በ1908 ሲከፈት ለዓለም የመጀመሪያውን የኤምቢኤ፣ ማለትም የንግድ ሥራ አመራር ማስተርስ፣ ፕሮግራም ይዞ ነው። በ1920ዎቹ ደግሞ ከሕግ ትምህርት የተወሰደ ዘዴ ዋና ማስተማሪያው አደረገ። ተማሪው አንድ ድርጅት በእውን የገጠመውን ችግር የሚተርክ ሰነድ ማታ አንብቦ ይመጣል፤ ጠዋት 90 የሚያህሉ ተማሪዎች በግማሽ ክብ ተቀምጠው ይከራከሩበታል። መምህሩ ይጠይቃል እንጂ ገለጻ አይሰጥም። በብዙዎቹ ኮርሶች እስከ ግማሽ የሚደርሰው ነጥብ የሚያዘው በክፍል ውስጥ በሚደረግ ተሳትፎ ነው። ሌሎቹ ትምህርት ቤቶችም ይብዛም ይነስም ይህን ዘዴ ይጠቀሙበታል።

እንግዲህ አስቡት። የዕለቱ ጉዳይ ስለ አንድ ሆስፒታል ቢሆንና 90ዎቹም ተማሪዎች ከኒው ዮርክ ባንኮች የመጡ ቢሆኑ ያ ክፍል ምን ይማራል? ሁሉም አንድ ዓይነት ሠንጠረዥ ይሠራሉ፣ አንድ ዓይነት መልስ ይሰጣሉ። ሌሊት ተረኛ ሆና ሁለት ታካሚ ለአንድ የኦክስጅን ሲሊንደር ሲጠብቁ ያየች ነርስ ከመካከላቸው ስትኖር ክርክሩ ይለወጣል። የቅበላ ኮሚቴው አመልካቾችን የሚመርጠው ክፍሉን እያሰበ ነው፤ ያልተለመደ ሙያ ያለውን ሰው የሚፈልገውም በዚህ ምክንያት ነው። የማንንም ልብ ለመጠገን ሲል አያደርገውም።

ይህን ስላልኩ ግን ነገሩ ቀላል ነው እንዳትሉ። የካሊፎርኒያው ስታንፎርድ ከመቶ አመልካቾች አሥሩን እንኳ አይቀበልም። በየትምህርት ቤቱ ከአማካሪ ድርጅቶችና ከፋይናንስ ዘርፍ የመጡት አሁንም ብዙ ናቸው። የእነሱ ብልጫ ከየት እንደሚመጣ ታውቃላችሁ? አጠገባቸው ያለው የሥራ ባልደረባ አምና አመልክቷል፤ አለቃቸው እዚያው ተምሯል፤ የድጋፍ ደብዳቤ እንዴት እንደሚጻፍ ቢሮው ውስጥ የሚያውቅ ሰው አለ። ጅማ ወይም ደሴ ላለ የሆስፒታል ሠራተኛ ይህ ሁሉ የለም። ከእነሱ የሚያንሳችሁ ነገር ቢኖር መረጃ ነው፤ የዛሬው ንግግሬም ለዚያ ነው።

አንዲት ፋርማሲስት አውቃለሁ፤ በክልል ሆስፒታል የመድኃኒት መጋዘን ኃላፊ ነበረች። መጀመሪያ ያሳየችኝ ጽሑፍ እንዲህ የሚል ነበር፦ «የመድኃኒት አቅርቦቱ በተቀመጠው መመሪያ መሠረት እንዲመራ ተደርጓል፤ በዚህም አበረታች ውጤት ተመዝግቧል።» ይህን ዓረፍተ ነገር ማንኛችንም እናውቀዋለን፤ በየሩብ ዓመቱ ሪፖርት ላይ አለ። ማን እንዳደረገው፣ ችግሩ ምን እንደነበረ፣ ውጤቱ በምን እንደተለካ ግን አይናገርም።

ቁጭ ብለን ስናወራ የነገረችኝ ሌላ ነው። አንድ ቀን የመጋዘኑን ቢን ካርዶች (የየመድኃኒቱ ገቢና ወጪ የሚመዘገብባቸውን) አንድ በአንድ ስታገላብጥ፣ አንዳንድ መድኃኒቶች የመጠቀሚያ ጊዜያቸው ሊያልፍ ጥቂት ወራት ሲቀራቸው መደርደሪያው ላይ ተከምረው ታገኛለች። በዚያው ሳምንት በአቅራቢያው ያለ ጤና ጣቢያ ያንኑ መድኃኒት አጥቶ ታካሚ ይመልሳል። ዕቃውን አንስቶ መስጠት ደግሞ እንዲሁ የሚሆን አይደለም። በገቢ ደረሰኝ፣ በሞዴል 19፣ የገባ ንብረት የሚወጣው በወጪ ደረሰኝ፣ በሞዴል 22 ነው፤ ያለ ፈቃድ የወጣ እንደሆነ ተጠያቂዋ እሷ ናት። ስለዚህ የአካባቢውን የመጋዘን ሠራተኞች ስልክ ሰበሰበች። በየወሩ መጨረሻ ማን ምን እንደተረፈው፣ ማን ምን እንዳጣ በአንድ ሠንጠረዥ ማስፈር ጀመረች። ሠንጠረዡን ይዛ ወደ ሜዲካል ዳይሬክተሩ ስትገባ «ለኦዲት ታጋልጪናለሽ» ብለው መለሷት። አልተጣላችም። ባለፈው ዓመት ጊዜው አልፎበት የተወገደውን መድኃኒት ዋጋ በብር አስልታ ተመለሰች፤ ዳይሬክተሩ ያንን ቁጥር ሲያዩ ለዞኑ ጤና መምሪያ ደብዳቤ አስጻፉ። ዝውውሩ በሕግ ተፈቀደ፤ በዓመቱ የሚወገደው መድኃኒት በግልጽ ቀነሰ።

ተመልከቱ፤ ሴትየዋ ችግሩን ያየችው ማንም ሳይነግራት ነው። ሥልጣኗ የማይፈቅድላትን ነገር ለማድረግ ሌሎችን ማሰባሰብ ነበረባት። የተቃወማትን ሰው ስጋት ሰምታ በዚያው ሰው ቋንቋ መልስ አመጣች። የንግድ ትምህርት ቤት ሁለት ዓመት የሚያስተምረው ከዚህ ብዙም የራቀ አይደለም። እሷ ግን «የእኔ ሥራ ከቢዝነስ ጋር ምን አገናኘው?» ብላ ይህን ታሪክ ትታው ነበር። በሁለተኛው ጽሑፏ የአስተዳደር ሳይንስ ቃላት አልጨመርንም። ያየችውን፣ የወሰነችውን፣ ማን እንደተቃወማትና ምን እንደተለወጠ ብቻ በተራ ቋንቋ ጻፈች።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከምናገረው ሁሉ የሚበልጥብኝ ይህ ነውና። በመሥሪያ ቤቶቻችን የምንጽፈው ሪፖርት ሠሪውን ይደብቃል። ተከናውኗል፣ ክትትል ተደርጓል፣ ግንዛቤ ተፈጥሯል። ለዚህ ምክንያት አለው፤ ሥራው ሲያምር የጋራ ይሆናል፣ ሲበላሽ ደግሞ አንድ ሰው ለብቻው አይያዝም። በላዩ ላይ አስተዳደጋችን አለ። ራሱን የሚያወድስ ሰው ያሳፍረናል፤ እኔም ያሳፍረኛል፤ ይህ ነውር እንዲጠፋብን አልመኝም። ግን ቦስተን ተቀምጣ ፋይላችሁን የምታነብ ሴት እናንተን አታውቅም፤ ሰፈራችሁንም፣ መሥሪያ ቤታችሁንም አታውቅም። ራሳችሁን ከጽሑፉ ካወጣችሁ የምታገኘው ባዶ ወንበር ነው።

መውጫው ጉራ አይደለም። የራስን ድርሻ ከነድንበሩ መናገር ነው። «ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ደብዳቤውን ያስጻፉት ዳይሬክተሩ ናቸው፤ የጤና ጣቢያዎቹን መረጃ በየወሩ የምትሰበስበው ባልደረባዬ ነበረች፤ እሷ ባትኖር ሠንጠረዡ አይሞላም ነበር።» ይህን የሚጽፍ ሰው አልኮራም፣ አልዋሸምም፤ የሌላውንም ድካም አልወሰደም። አንባቢዋ ደግሞ ሁለት ነገር አወቀች፤ ምን እንደሠራና ከሰው ጋር እንዴት እንደሚሠራ።

ቦታው ጠባብ መሆኑንም አትርሱ። ሃርቫርድ ከ2024 ጀምሮ የሚጠይቃቸው ሦስት አጫጭር ጽሑፎች እያንዳንዳቸው ከ250 እስከ 300 የእንግሊዝኛ ቃል ብቻ የሚፈቅዱ ናቸው። አንዱ የሥራ ምርጫዎቻችሁን፣ አንዱ በሌሎች ላይ ያደረጋችሁትን በጎ ተጽዕኖና አመራራችሁን፣ አንዱ ደግሞ የማወቅ ጉጉታችሁ እንዴት እንዳሳደጋችሁ ይጠይቃል። ስታንፎርድ ለብዙ ዓመታት ሳይለውጥ የቆየው ጥያቄ ለእናንተ ከሁሉ በላይ የሚበልጥባችሁ ነገር ምን እንደሆነና ለምን እንደሆነ የሚጠይቀው ነው። በ250 ቃል የሕይወት ታሪክ አይጻፍም። አንድ ውሳኔ ግን በደንብ ይጻፋል።

መርካቶ ላላችሁት ደግሞ የተለየ ቃል አለኝ፤ ከሁሉ የበለጠ የምትሸማቀቁት እናንተ ናችሁና። ቅጹ ላይ «አሠሪ» የሚለው ቦታ ላይ ምን እንጻፍ ትላላችሁ። የአባታችሁን ሱቅ ስም ጻፉ። ያለ ማስያዣ በዱቤ ዕቃ ሰጥታችሁ ማን እንደሚከፍልና ማን እንደሚጠፋ ፊቱን አይታችሁ ማወቅ ስትማሩ ኖራችኋል። እቁብ ሰብስባችሁ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ እንነጋገር፤ ዕጣ የወጣለት ሰው ዋስ ሳያቀርብ ብሩን አይወስድም፤ ያ ዋስ ይበቃል አይበቃም የሚለውን የሚፈርደው ሰው የብድር ስጋት እየመዘነ ነው። ይህን ስትጽፉ ግን እንደ ባሕል ትርኢት አታቅርቡት። እቁብ ምን እንደሆነ በሁለት መስመር አስረዱና ወደ ራሳችሁ ግቡ፤ አንድ ሰው መክፈል ሲያቅተው ምን አደረጋችሁ? ዋሱን ጠራችሁ? ጊዜ ሰጣችሁ? ከአባላቱ ማን ተቃወመ? የድጋፍ ደብዳቤውን ደግሞ አባት ወይም አጎት እንዲጽፍ አታድርጉ፤ ትምህርት ቤቶቹ የዘመድ ምስክርነት አይፈልጉም። ለዓመታት ዕቃ የሸጠላችሁ አስመጪ፣ ብድራችሁን የሚያውቅ የባንክ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ወይም ትልቁ ደንበኛችሁ ይጻፍላችሁ።

አንድ የሚያሳዝነኝ ነገር አለ፤ ዝም ብዬ አላልፈውም። ብዙ ጽሑፎች በድህነት ይጀምራሉ፤ ባዶ እግር፣ የኩራዝ መብራት፣ ረጅም የትምህርት ቤት መንገድ። እውነት ነው፤ ብዙዎቻችን አልፈንበታል። የቤተሰባችሁ መከራ ግን የመግቢያ ቲኬት ሆኖ እንዲሸጥ አትፍቀዱ። ከዚያ ሕይወት ውስጥ እናንተን የሠራችሁ ነገር ካለ ንገሩ፤ እናታችሁ በአንድ ጀበና ቡና የጀመሩትን ንግድ እንዴት እንዳሰፉትና እናንተ ሒሳቡን እንዴት እንደያዛችሁ ንገሩ። የሚያሳዝን ዝርዝር ደርድራችሁ አንባቢ እንዲያለቅስ መጠበቅ ግን ለእናንተም ለእናታችሁም ክብር የሚመጥን አይደለም።

አሁን ወደ ድጋፍ ደብዳቤው ልሂድ። ከአዲስ አበባ የሚሄድ ማመልከቻ ብዙ ጊዜ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። እኛ የምናውቀው ደብዳቤ «ለሚመለከተው ሁሉ» ብሎ ይጀምራል፣ «በመልካም ሥነ ምግባርና በታታሪነት ሲያገለግሉን ቆይተዋል» ይላል፣ ክብ ማኅተም ያርፍበታል፣ ያበቃል። ለቅጥር በቂ ነው። እነሱ የሚፈልጉት ሌላ ነው። በርካታ ትምህርት ቤቶች በጋራ የሚጠቀሙበት የድጋፍ ቅጽ አለ፤ ከጥያቄዎቹ አንዱ አመልካቹ በተመሳሳይ ሥራ ላይ ካሉ ብቁ ሰዎች ጋር ሲነጻጸር እንዴት እንደሆነ በምሳሌ እንዲገለጽ ይጠይቃል። ሌላው ደግሞ ለአመልካቹ የሰጣችሁት ዋና የማስተካከያ ምክር ምን ነበር፣ እሱስ እንዴት ተቀበለው ይላል።

በዚህ ሁለተኛው ጥያቄ አለቆቻችን ይደነግጣሉ። የሰው ጉድለት በጽሑፍ ማስፈር ልጁን መጉዳት ይመስላቸዋል፤ ስለዚህ «ምንም ጉድለት የለበትም» ብለው ያልፋሉ። ያ መልስ አንባቢዋ ዘንድ ሲደርስ ትርጉሙ አንድ ነው፤ ይህ አለቃ ይህን ሰው በቅርብ አያውቀውም። አለቃችሁ ቢሮ ገብታችሁ ይህን አስረዷቸው። «ጋሼ፣ ያን ጊዜ ሪፖርቱን ሳላማክር ልኬ የገሠጹኝን፣ ከዚያ በኋላ የተለወጠውን ቢጽፉልኝ ይጠቅመኛል» በሏቸው። ይህን ለማለት ድፍረት ይጠይቃል፤ አውቃለሁ።

ደግሞ ብዙ አለቆች «አንተ ጽፈህ አምጣ፣ እኔ እፈርማለሁ» ይላሉ። ደግነት ነው፤ ሥራ በዝቶባቸዋል። እሺ አትበሉ። ትምህርት ቤቶቹ አመልካች የራሱን የድጋፍ ደብዳቤ እንዳያዘጋጅ በግልጽ ይከለክላሉ፤ ደብዳቤውም በማኅተም ታሽጎ አይሄድም፣ አለቃችሁ በራሳቸው ኢሜይል በሚደርሳቸው ማስፈንጠሪያ ገብተው ነው የሚሞሉት። እናንተ ማድረግ የምትችሉት አብራችሁ የሠራችኋቸውን ሥራዎች ከነቀናቸው ዘርዝራችሁ፣ በአንድ ገጽ ማስታወሻ መስጠት ነው። እንግሊዝኛው የሚያስቸግራቸው ከሆነ በሚያውቁት ቀላል እንግሊዝኛ ይጻፉ። ሰዋስው ስላልሰመረ የተጣለ እውነተኛ ምስክርነት አላየሁም።

ስለ ቁጥር እናውራ። ሙያችሁ ከሒሳብ ርቆ ከሆነ ኮሚቴው የሚጨነቀው በአንድ ነገር ነው፤ ይህ ሰው የፋይናንስና የስታቲስቲክስ ኮርሶችን ይወጣቸዋል ወይ? መልሱን የምትሰጡት በፈተና ነው። ጂማት የተባለው የንግድ ትምህርት ቤቶች መግቢያ ፈተና ከ2024 መጀመሪያ ወዲህ በአዲስ መልክ ብቻ የሚሰጥ ሲሆን፣ የሒሳብ፣ የንባብና አመክንዮ፣ የመረጃ ትንተና ሦስት ክፍሎች አሉት፤ እያንዳንዱ 45 ደቂቃ ነው። ውጤቱ ከ205 እስከ 805 ይሄዳል። የድሮውን 700 እንደ መለኪያ የሰማችሁ ካላችሁ፣ በአዲሱ ሚዛን ወደ 645 የሚጠጋ ነው። ጂአርኢ የተባለውን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናም ሁሉም ታላላቅ ትምህርት ቤቶች ይቀበላሉ፤ ከ2023 ወዲህ አጥሮ ሁለት ሰዓት እንኳ አይሞላም። ሁለቱንም በናሙና ሞክሩና የሚሻላችሁን ያዙ፤ ውጤታቸው ለ5 ዓመት ያገለግላል። ከቤት ሆኖ መፈተን ይቻላል ሲሏችሁ ግን ስለ መብራቱና ስለ ኢንተርኔቱ ሁለት ጊዜ አስቡ፤ እኔ የምመክረው የፈተና ማዕከል ነው። ለዝግጅት ውድ ኮርስ አያስፈልግም፤ እዚሁ አጠገባችን አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ በጸጥታ የሚያነብ ወጣት ሞልቷል፣ ከመካከላቸው የጥናት ጓደኛ ማግኘት ይቻላል። የዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ውጤታችሁ ደካማ ከሆነ የሒሳብ መዝገብ አያያዝ ወይም የስታቲስቲክስ ኮርስ ወስዳችሁ ጥሩ ነጥብ ብታመጡ ያግዛችኋል።

ጥቃቅን የሚመስሉ፣ ግን ማመልከቻ የሚያበላሹ የወረቀት ጉዳዮች አሉ። ከሁሉ የከፋው የዘመን አቆጣጠር ነው። የሥራ ልምድ ደብዳቤያችሁ «ከ2010 እስከ 2014 ዓ.ም.» ቢል የውጭው አንባቢ ሥራ ከለቀቃችሁ አሥር ዓመት ያለፈ ይመስለዋል። ሁሉንም ቀን ወደ ጎርጎሮሳውያኑ ቀይሩ፤ ሰነዱ ላይ የኢትዮጵያው ካለ በማብራሪያው ቦታ ላይ ልዩነቱን ጻፉ። ስማችሁም እንዲሁ፤ ዲግሪያችሁና ፓስፖርታችሁ ላይ በላቲን ፊደል የተጻፈበት መንገድ ከተለያየ ለፈተና ስትመዘገቡ የፓስፖርቱን ተከተሉ፤ አለዚያ ከፈተናው በር ትመለሳላችሁ። የወጪ መጋራት ስላልጨረስኩ ዩኒቨርሲቲው ኦፊሴላዊ ትራንስክሪፕት አይሰጠኝም የምትሉ አትዘግዩ፤ ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች ለማመልከቻ የተማሪውን ቅጂ ስካን አድርጎ መላክን ይቀበላሉ፣ ኦፊሴላዊው የሚጠየቀው ከተቀበሏችሁ በኋላ ነው። የተማራችሁት በእንግሊዝኛ በመሆኑም ከቋንቋ ፈተና ነጻ የሚያደርጓችሁ ትምህርት ቤቶች አሉ። እያንዳንዱን ድረ ገጽ አንብቡ፤ ከሬጅስትራር የማስተማሪያ ቋንቋውን የሚገልጽ ደብዳቤ ብታወጡ አይከፋም።

ጊዜውን ደግሞ በእኛ በዓላት ያዙት። የመጀመሪያው ዙር የሚዘጋው በእንቁጣጣሽ አካባቢ ነው፣ ሁለተኛው በገና ሰሞን። ሦስተኛው በሚያዝያ አለ፤ ቪዛና ስኮላርሺፕ ለሚያስፈልገው ሰው ግን ይዘገይበታል። ደብዳቤ የሚጽፉላችሁ ሰዎች በበዓል ዋዜማ ስልክ ላያነሱ ይችላሉና ቢያንስ ከሁለት ወር በፊት ጀምሩ። ሃርቫርድ ማመልከቻ የሚዘጋው በቦስተን እኩለ ቀን ነው፤ ያ በመስከረሙ ዙር በእኛ ከምሽቱ 1 ሰዓት፣ በገናው ዙር ከምሽቱ 2 ሰዓት ይሆናል።

ገንዘብ። የሃርቫርድ የአንድ ዓመት የትምህርት ክፍያ ብቻ ከ70,000 ዶላር በላይ ነው፤ ሁለቱ ዓመት ከነኑሮው ከ200,000 ዶላር ያልፋል። ይህን ሰምታችሁ ልትነሱ ይሆናል፤ ተቀመጡ። ሃርቫርድና ስታንፎርድ ስኮላርሺፕ የሚሰጡት በችግር መጠን ነው፤ ጎበዝ ነህ ብለው አይሰጡም፤ ገቢና ሀብት አይተው ይሰጣሉ። ሃርቫርድ በ2022 ከፍተኛ ችግር ላለባቸው፣ ከተማሪዎቹ አንድ አሥረኛ ለሚሆኑት፣ የትምህርት ክፍያውን ሙሉ በሙሉ እንደሚሸፍን አስታውቋል። በኢትዮጵያ የመንግሥት ደመወዝ የሚኖር ሰው በዚህ መመዘኛ የት ላይ እንደሚወድቅ መገመት አያስቸግርም። ከንግድ ትምህርት ቤቱ ውጭም ናይት ሄነሲ የተባለው የስታንፎርድ ስኮላርሺፕ አለ፤ በኦክስፎርድ ደግሞ ለማኅበራዊ ሥራ ፈጣሪዎች የሚሰጠው የስኮል ስኮላርሺፕ አለ። የፈረንሳዩ ኢንሲያድ ኤምቢኤውን በ10 ወር ስለሚያስጨርስ የአንድ ዓመት ኑሮና ደመወዝ ያተርፍላችኋል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ትንሹ ገንዘብ ነው። ሐምሌ 2024 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላሩ ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። 275 ዶላር የሚጠይቅ አንድ ማመልከቻ ከ15,000 ብር ጥቂት ከፍ ይል የነበረው ከ27,000 በላይ ሆነ። ይህ ለመምህር ወይም ለነርስ ከወር ደመወዝ በላይ ነው። ብዙ ወጣት እዚህ ላይ ይቆማል። አትቁሙ። መክፈል ለማይችሉ ክፍያውን የሚያነሱ ትምህርት ቤቶች ብዙ ናቸው፤ ከመክፈላችሁ በፊት ለቅበላ ቢሮው ደመወዛችሁን ገልጻችሁ ኢሜይል ጻፉ። የአሜሪካ ኤምባሲም ኤዱኬሽን ዩኤስኤ በተባለው አገልግሎቱ ነጻ ምክር ይሰጣል። «በዚህን ያህል ብር አስገባችኋለሁ» ከሚሉ ደላሎች ራቁ፤ አንዳቸውም የቅበላ ወንበር የላቸውም።

የወደፊት ዓላማችሁን ስትጽፉ «ተምሬ አገሬን ማገልገል እፈልጋለሁ» ብቻ አትበሉ። ምኞታችሁን አልጠራጠርም፤ ግን የትኛውን ሥራ? የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በጥር 2025 ሥራ ጀምሯል። የውጭ ባንኮች እንዲገቡ የሚፈቅደው አዋጅ በታኅሣሥ 2024 ጸድቋል። ቴሌብር ከ2021 ወዲህ በየሱቁ ደርሷል። ያቺ ፋርማሲስት «የመድኃኒት አከፋፋይ ድርጅት አቋቁሜ በስልክ ክፍያና በጋራ የክምችት መረጃ የወረዳ መድኃኒት ቤቶችን ማገናኘት እፈልጋለሁ» ብትል፣ አንባቢዋ ሴትየዋንም አገሩንም ታያለች። ከትላንት ሥራችሁ ወደ ነገው ዓላማችሁ የሚወስድ መንገድ መታየት አለበት፤ በመካከሉም ትምህርት ቤቱ ለምን እንደሚያስፈልግ። መንገዱ ካልታያችሁ ምናልባት አሁን ማመልከት አያስፈልጋችሁም ይሆናል፤ ይህም ክፉ ዜና አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድን ከ2011 እስከ 2022 የመሩት አቶ ተወልደ ገብረማርያም ኢኮኖሚክስ የተማሩት እዚሁ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ኤምቢኤያቸውን ያገኙት ደግሞ በርቀት ትምህርት ከሚታወቀው ከእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ነው።

ቃለ መጠይቁን በአጭሩ። «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ይባል የለ። የሃርቫርድ ጠያቂ ሙሉ ፋይላችሁን አንብቦ ነው የሚገባው፤ 30 ደቂቃ ነው፤ የጻፋችሁትን ሁሉ በቃል ማስረዳት አለባችሁ። የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የንግድ ትምህርት ቤት የሆነው ዋርተን ደግሞ አመልካቾችን በቡድን አድርጎ ያወያያል። እኛ ታላቅ እስኪናገር መጠበቅን ተምረናል፤ እዚያ ግን ዝም ያለ ሰው አልተዘጋጀም ተብሎ ይታሰባል። ሌላው የተናገረውን ይዛችሁ «በዚህ ላይ ልጨምር» ማለትን ከጓደኞቻችሁ ጋር ተለማመዱ። ትሕትናችሁም አይጠፋም፣ ድምፃችሁም ይሰማል።

ጥያቄዎች ብዙ ተነሥተው ነበር፤ አንዱን ብቻ ከመልሱ ጋር ላስፍር። የኋለኛው ረድፍ ላይ የተቀመጡ አንዲት እናት ተነሥተው፣ 37 ዓመታቸው እንደሆነ፣ 14 ዓመት በውኃ መሐንዲስነት እንደሠሩ፣ ሁለት ልጆች እንዳሏቸው ተናገሩና «ለእኔ አልረፈደም ወይ?» ብለው ጠየቁ።

መልሴ ይህ ነበር። እህቴ፣ የሁለት ዓመቱ ኤምቢኤ ተማሪዎች አማካይ የሥራ ልምድ አምስት ዓመት ገደማ ስለሆነ እዚያ ክፍል ውስጥ ከእርስዎ የሚያንሱ ልጆች ይበዛሉ፤ ኮሚቴውም ለምን አሁን ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ለእርስዎ የተሠራ ሌላ በር ግን አለ። የስታንፎርድ ኤምኤስኤክስ ፕሮግራም ቢያንስ 8 ዓመት ልምድ ይጠይቃል፣ የኤምአይቲ ስሎን ፌሎውስ ቢያንስ 10 ዓመት፤ ሁለቱም የአንድ ዓመት የሙሉ ጊዜ ትምህርት ናቸው፤ ለንደን ቢዝነስ ስኩልም ተመሳሳይ አለው። ቤተሰብ ይዞ መሄድ ይቻላል። የእርስዎ 14 ዓመት እዚያ መነሻ ነው። በዚህ ሳምንት ሁለት ነገር ያድርጉ፤ የሦስቱን ፕሮግራሞች የመዝጊያ ቀን ይመዝግቡ፣ ከዚያ ሥራዎን በቅርብ የሚያውቁ ሁለት አለቆች ማን ማን እንደሆኑ ወስነው ስልክ ይደውሉላቸው። አንደኛው ጡረታ ወጥተው ከሆነም ችግር የለውም፤ ኢሜይል ይኑራቸው እንጂ።